ተማሪው መምህር የሆነበት ዓመት

ከአዲስ አበባ በስተ ምሥራቅ ያለው ምድር፣ ዛሬ ቦሌና የካ እየተባለ ሕንፃ በሕንፃ ላይ የሚቆምበት አገር፣ ገና እርሻና የግጦሽ ሣር በነበረበት ዘመን፣ በ1935 ዓ.ም. ኮተቤ ላይ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ስሙም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይባል ነበር። ጠላት ከአገር ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። በአምስቱ የመከራ ዓመታት ከተማሩት ወጣቶች አያሌዎቹ ስላለቁ፣ መንግሥት ጸሐፊ ወይም አስተርጓሚ፣ ሐኪም ወይም መሐንዲስ ቢፈልግ የሚያገኘው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ ኮተቤ የገባ ልጅ ሁሉ የነገ የአገር ተስፋ እርሱ መሆኑ ይነገረው ነበር፤ የሚነገረውም በብዛት በእንግሊዝኛ ነበር።

እኔ በዚህች ጽሑፍ ላወሳ የፈለግሁት ስለዚያ ትምህርት ቤት ሕንፃና ስለ መሥራቾቹ አይደለም። የማወሳው ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ከምሥራቅ አዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች ደጅ ስላልጠፋ አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ ተማሪ፣ በተለይም ለአካለ መጠን የደረሰ የኮሌጅ ተማሪ፣ እንዴት ቢያስተምሩት ነው በእውነት የሚማረው? መምህሩ ቆሞ ሲናገር፣ ተማሪው ተቀምጦ ሲጽፍ፣ በፈተናው ቀን ደግሞ የጻፈውን ቆጥሮ ሲመልስ የሚደረገው ነገር ትምህርት ነው ወይስ የንብረት ርክክብ?

ይህ ጥያቄ ከባሕር ማዶ የመጣ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ አስቀድሞ ወደ ቅኔ ቤት እንዲመለከት እለምነዋለሁ። ስለ አብነት ትምህርት ቤት ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው ቃል በቃል መሸምደድ ነው። በንባብ ቤትና በዜማ ቤት ይህ እውነት ነው። በቅኔ ቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋሉ፤ ተማሪዎቹም ይቀጽላሉ። ነገር ግን ተማሪው ቀጽሎ አይቀርም። ደበሎውን ለብሶ፣ ከሰው ርቆ፣ ከዛፍ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ይቆጥራል። ሁለት ቤት ብቻ ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ፣ ወደ ዘአምላኪየ ተሻግሮ፣ ቀስ በቀስ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። የቆጠረውን ይዞ መጥቶ ይነግራል፤ ይታረማል፤ ይመለሳል። የሌላ ሰው ቅኔ የኔ ነው ብሎ ያመጣ ተማሪ የጓደኞቹ መሳቂያ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ገፋ ያለው ተማሪ አስነጋሪ ይሆንና ከበታቹ ያሉትን ያርማል። እንግዲህ ተማሪው በየቀኑ አዲስ ነገር እንዲፈጥር የሚገደድበት፣ የቀደመው የተከተለውን የሚያስተምርበት ሥርዓት በአገራችን ለብዙ መቶ ዓመታት ኖሮአል ማለት ነው።

መንግሥቱ ለማ ከዚህ ከቅኔው ዓለም ተነሥተው ኮተቤ የተማሩ፣ ኋላም በ1940ዎቹ መባቻ ወደ ለንደን ለትምህርት የሄዱ ደራሲ ናቸው። አባታቸው አለቃ ለማ ኃይሉ ስለ ቅኔ ቤት ኑሮአቸው በቃል የነገሯቸውን መዝግበው «መጽሐፈ ትዝታ» ብለው ማሳተማቸው ይታወቃል። ያን መጽሐፍ ያነበበ ሰው የጥንቱ ተማሪ ከመምህር ወደ መምህር ስንት አገር በእግሩ እንዳቋረጠ ያያል። በኮተቤ ግን ተማሪው የሚኖረው በአዳሪ ቤት፣ የሚማረው በክፍል ውስጥ፣ የሚያነበውም ስለ ሩቅ አገር ወንዝና ነገሥታት ነበር። በሁለቱ ትምህርት ቤቶች መካከል ያለውን ገደል ድልድይ ሠርቶ ያገናኘው ሰው በዚያን ጊዜ አልነበረም።

በታኅሣሥ 1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት አራት ኪሎ ላይ ማስተማር ሲጀምር፣ ይኸው ገደል አብሮ ገባ። ከኮተቤና ከሌሎቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የመጡት ተማሪዎች ጎበዞች ነበሩ። ይሁን እንጂ ስለ ገዛ አገራቸው የሚያነቡት የታተመ ነገር እጅግ ጥቂት ነበር። በዚህ ጊዜ ነው፣ በኔ አስተያየት፣ በኢትዮጵያ የኮሌጅ ትምህርት ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በፊት መወሳት የሚገባው ትንሽ ነገር የተደረገው። የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የነበሩት ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ከተማሪዎች ጋር ሆነው ስለ ሕዝብ ባህልና ልማድ የሚያጠና ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የራሱን መጽሔት ያሳትም ነበር። ጸሐፊዎቹ እነማን ናቸው? ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራቸው ሲመለሱ ሽማግሌ ጠይቀው፣ ሥርዓቱን በዓይናቸው አይተው፣ ያዩትንም ጽፈው ያመጡ ነበር።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን ተማሪው ያን ጊዜ የተቀበለውን የሚመልስ ብቻ መሆኑ ቀርቶ መምህሩ የማያውቀውን ነገር የሚያመጣ ሆነ። አንድ የውጭ አገር ፕሮፌሰር ስለ ዶርዜ ሸማ ወይም ስለ ወለጋ ሠርግ ከአንድ የሃያ ዓመት ልጅ አፍ ተቀምጦ ሲሰማ፣ ማን መምህር ማን ደቀ መዝሙር እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግር ነበር። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሲመሠረት፣ ሆይናትስኪ ለቤተ መጻሕፍቱና ለሙዚየሙ ያሰባሰቡት ቅርስ ከመሠረቱ ድንጋዮች አንዱ ሆኖአል።

ጎንደር ላይ ደግሞ ይኸው አሳብ ከባድ መልክ ይዞ መጣ። በ1946 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ጨረሰ ተመዝግቦአል። በዚያን ጊዜ ለዚያ ሁሉ ገበሬ የሚደርስለት ሐኪም ከየት ይምጣ? ሐኪም እስኪማር ሕዝብ ያልቃል። ስለዚህ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የተመረጠው መንገድ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ጠባቂውን በአንድነት ማስተማር ነበር። በአንድነት ማለት በአንድ ግቢ ማለት ብቻ አይደለም። እንደ ቆላ ድባ ባሉት የገጠር ጤና ጣቢያዎች አብረው እየኖሩ፣ አንዱ በሽተኛ ሲያይ፣ አንዷ እናቶችን ስትረዳ፣ አንዱ ደግሞ ምንጭ ሲያጐለብትና መጸዳጃ ጉድጓድ ሲያስቆፍር፣ የሦስቱ ሥራ አንድ መሆኑን በዓይናቸው እንዲያዩ ነው። ይህ በቡድን የማስተማር ልማድ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ እስከ እኛ ዘመን ድረስ ሲሠራበት ቆይቶአል። እኔ እንደሚመስለኝ ዕድሜ ያገኘው ከችግር የተወለደ ስለ ሆነ ነው፤ ከመጽሐፍ የተቀዳ የማስተማር ዘዴ ይህን ያህል አይቆይም።

ወደ ሰፈራችን ስንመለስ፣ ቦሌ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያው ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. የጄት አውሮፕላኖች ማረፍ ከጀመሩ ወዲህ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አብራሪዎችና መካኒኮች የሚማሩት በዚያው ነው። አየር መንገዱ በ1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ሲያደርግ አብራሪዎቹም መካኒኮቹም የአሜሪካው ቲ. ደብሊው. ኤ. ሰዎች ነበሩ። በ1963 ዓ.ም. ግን ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በእነዚህ ሃያ አምስት ዓመታት መካከል የተደረገው ነገር፣ ከባለሙያው ጎን ቆሞ ማየት፣ ከዚያ በእርሱ ፊት መሥራት፣ በመጨረሻም ብቻ መሥራት ነው። ሞተር በቃል አይጠናም። አብራሪውንም «ከመቶ ስድሳ አግኝተሃልና አልፈሃል» የሚለው መንገደኛ የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስሁ።

በታኅሣሥ 1954 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ተመርቆ ተከፈተ። አገሪቱ ግን ዩኒቨርሲቲ ይኑራት እንጂ በክፍለ ሀገር ላሉት ትምህርት ቤቶች የሚበቃ መምህር አልነበራትም። በ1955 ዓ.ም. መባቻ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጉ ወጣቶች ሲልክ፣ አብዛኞቹ የተመደቡት በየአውራጃው እንዲያስተምሩ ነበር። ይህም የኢትዮጵያን ተማሪ አንድ ነገር ሳያሳስበው አልቀረም። ከካሊፎርኒያ የመጣ ወጣት ደብረ ማርቆስ ገብቶ ሲያስተምር፣ የአዲስ አበባው ልጅ ስድስት ኪሎ ተቀምጦ ምን ያደርጋል?

ከብዙ ክርክር በኋላ የዩኒቨርሲቲው መምህራን ጉባኤ ተማሪ ሁሉ ዲግሪውን ከመቀበሉ በፊት አንድ ዓመት በክፍለ ሀገር እንዲያገለግል ወሰነ። የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለው ይህ ነው፤ በ1957 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የመጀመሪያዎቹ ዘማቾች ወጡ። አብዛኛውን ጊዜ ተማሪው ሦስተኛውን ዓመት ሲጨርስ ይሄዳል፤ ዓመቱን አገልግሎ ተመልሶ አራተኛውን ይቀጥላል። ጥቂቶች በሙያቸው በፍርድ ቤትና በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ተመደቡ። ብዙዎቹ ግን የተሰጣቸው ጠመኔና ጥቁር ሰሌዳ ነበር።

ሁሉም ደስ ብሎት ሄደ ለማለት አይቻልም። «በነፃ ጉልበታችን መንግሥት የመምህር ደመወዝ ሊቆጥብ ነው» ያሉ ነበሩ። ለመኖሪያ የሚሰጠው የወር ገንዘብ አነስተኛ ነበር። ያለ ፈቃድ የሚደረግ አገልግሎት አገልግሎት አይባልም ብለው የተከራከሩም ነበሩ፤ ክርክራቸውም ባዶ አልነበረም። ደግሞም ከእነዚህ ወጣቶች አያሌዎቹ የመምህርነት ሥልጠና አልነበራቸውም። ኢኮኖሚክስ ያጠና ልጅ ለሰባተኛ ክፍል ሒሳብና ጂኦግራፊ አስተምር ሲባል፣ በዚያ ክፍል የተቀመጡት ሕፃናት ዕድል ያስጨንቃል። ይህን ዘወትር የምናልፈው የአገልግሎቱን ታሪክ የሚጽፉት ያገለገሉት ስለ ሆኑ ይሆናል፤ የሰባተኛ ክፍሎቹ ተማሪዎች ሲጽፉ አላየሁም።

ይሁን እንጂ ነገሩን ከተማሪው ትምህርት አንጻር ስንመዝነው ሌላ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ተቀምጦ ሲጽፍ የኖረ ልጅ አንድ ቀን ከሰሌዳው ፊት ቆመ። ያወቀ የመሰለውን ነገር ለአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ለማስረዳት አፉን ሲከፍት፣ የሚያውቀው ነገር የቱ እንደ ሆነ፣ ቃሉን ብቻ የያዘው ደግሞ የቱ እንደ ሆነ ወዲያው ይለይለታል። ለፈተና የሸመደደው ዐረፍተ ነገር እዚያ አይረዳውም። የተማረው በእንግሊዝኛ፣ የሚገባቸው በአማርኛ ወይም በሌላ ቋንቋ፤ መካከለኛው ድልድይ እርሱ ነው። ከኮተቤ ዘመን ጀምሮ የተከፈተውን ገደል በገዛ ጀርባው እንዲሸፍን የታዘዘው ይህ ወጣት ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ከክፍል ሲወጣ ደግሞ ሌላ ትምህርት ይጠብቀዋል። የተከራየው ክፍል አከራይ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ለእረኝነት የሚያስወጣው ጭሰኛ፣ የምርቱን ሲሶ ወይም እኩሌታ ለባለ መሬቱ የሚሰፍረው ገበሬ፣ እነዚህ ሁሉ በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ምዕራፍ ብቻ ነበሩ፤ አሁን ጎረቤቶቹ ሆኑ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ማረም ይገባል። «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር ከዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተወለደ ሲባል ይሰማል። ዘመኑ ግን ይህን አይመሰክርም። ተማሪዎች በዚህ መፈክር አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዚያን ወር የመጀመሪያዎቹ አገልጋዮች ገና በየክፍለ ሀገሩ ነበሩ። ስለዚህ አሳቡ ቀድሞ ነበረ ማለት ነው። አገልግሎቱ ያደረገው በቃል የተነገረውን ነገር በዓይን የሚታይ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ከክፍለ ሀገር የሚመለሰው የአራተኛ ዓመት ተማሪ ለመምህሩ የሚያቀርበው ጥያቄ እንደ ቀድሞው አልነበረም። ነገሩም በውጭ አገር ሰው ዓይን አልተሰወረም። ዴቪድና ፍራንሲስ ኮርተን የተባሉት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ኢትዮጵያ ተማሪዎቿን ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር መላኳን አጥንተው ለዓለም ጽፈዋል። በዚያን ጊዜ ዲግሪን ከአንድ ዓመት የገጠር አገልግሎት ጋር ያሰሩ አገሮች ጥቂቶች ነበሩ።

አገልግሎቱ አሥር ዓመት ያህል ቆየ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. አዲሱ ወታደራዊ መንግሥት የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻን ሲያውጅ፣ ዩኒቨርሲቲውና ከፍተኛዎቹ ክፍሎች ተዘግተው ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ሁለቱ ነገሮች ይመሳሰላሉ የሚል ብዙ ነው። እኔ ግን ልዩነታቸው ይበልጥብኛል። የዩኒቨርሲቲው አገልግሎት ተማሪውን አስተምሮ ወደ ክፍሉ ይመልሰው ነበር፤ ያየውን ከመምህሩ ጋር የሚነጋገርበት አራተኛ ዓመት ነበረው። በዘመቻው ግን የሚመለሱበት ክፍል ራሱ ተዘግቶአል። ዘማቾቹ ፊደል አስቆጥረዋል፣ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀውን የመሬት አዋጅ ለገበሬው አስረድተዋል፣ ጉድጓድ ቆፍረዋል፤ ከባለ መሬቶችና ከሹማምንት ጋር ተጋጭተው ሕይወታቸውን ያጡም አሉ። ስለ ጀግንነታቸው ብዙ መናገር ይቻላል። የማስተማር ዘዴ ሆኖ ሲታይ ግን በትእዛዝ ብዛት የታነቀ ነገር ነበር።

እንደገና ወደ ኮተቤ እንመለስ። ዛሬ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ተቋም፣ ስሙን ብዙ ጊዜ ቢለዋውጥም፣ ለረጅም ዓመታት ለሁለተኛ ደረጃና ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መምህራን ሲያሰለጥን ኖሮአል። ከቦሌ እስከ የካ ባሉት ትምህርት ቤቶች የኮተቤ ምሩቅ ያላስተማረው ተማሪ ማግኘት ያስቸግራል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከታወጀ በኋላ፣ ተማሪን ማዕከል ያደረገ ትምህርት የሚለው ቃል በየመምህራን ኮሌጁ ይሰማ ጀመር። በ1996 ዓ.ም. ገደማም የመምህራን ሥልጠና ሥርዓት እንዲለወጥ ሆነ። ዕጩ መምህራን በትምህርታቸው ፍጻሜ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ወደ ትምህርት ቤት መሄዳቸው ቀርቶ፣ ከመጀመሪያው ዓመት አንሥቶ እየተመላለሱ እንዲያዩ፣ ቀጥሎ እንዲረዱ፣ በኋላም ራሳቸው እንዲያስተምሩ ተባለ። ይህ ከቦሌው አብራሪ ትምህርት ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል አንባቢ ያስተውል። ከዚህም የሚያስደንቀው፣ የመምህራኑ መምህራን ራሳቸው ለአንድ ዓመት የሚቆይ የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና እንዲወስዱ መደረጉ ነው። ብዙ ዘመን በማስታወሻ ደብተር ሲያስተምር የኖረ ሊቅ ከጓደኞቹ ጋር በክብ ተቀምጦ የራሱን አስተማሪነት መረመረ፤ ወደ ትምህርት ቤትም ወርዶ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ አየ።

እንግዲህ ኮሌጁ እንዲህ ሲል ሳለ፣ በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ግድግዳ ላይ ፕላዝማ ተሰቀለ። በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ትምህርት በሳተላይት እየመጣ፣ ከዘጠነኛ እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለው ተማሪ በመላው አገር በአንድ ሰዓት አንድ ነገር ያይ ጀመር። ዓላማው ክፉ አልነበረም። በቦሌ ያለው ልጅና በሩቅ ወረዳ ያለው ልጅ እኩል ትምህርት እንዲያገኙ፣ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም ሙከራውን በሥዕል እንዲያይ ነው። ነገር ግን ከክፍለ ጊዜው አብዛኛውን የሚናገረው መስኮቱ ሆነ። መምህሩ በመጀመሪያ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ በመጨረሻም ጥቂት ደቂቃ ይዘጋል፤ በመካከሉ እርሱም ከተማሪዎቹ ጋር ተመልካች ነው። መስኮቱ «አሁን መልሱን ጻፉ» ብሎ ጥቂት ሰኮንድ ይሰጣል፤ የጻፈም ያልጻፈም ቢኖር ይቀጥላል። እጅ ያወጣ ተማሪ አይታየውም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል፤ ያመለጠውም አይመለስም። ከኮተቤ ተማሪን እንዴት እንደሚያናግር ተምሮ የወጣ ወጣት መምህር፣ የተመደበበት ክፍል ሲገባ ያገኘው የማያቋርጥ ተናጋሪ ነበር። በአንድ መንግሥት፣ በአንድ ጊዜ፣ አንዱ እጅ ተማሪው ይናገር ሲል ሌላው እጅ መምህሩን ጭምር ዝም አሰኘ። የፕላዝማው ትምህርት በኋላ ደከመ፤ የተበላሸው መስኮት ግን በብዙ ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለረጅም ጊዜ ቆየ።

የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ ለዚህ በዓል ጽሑፍ ሲያሰባስብ፣ ስለ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚናገር በቤተ መጻሕፍታችን ያገኘው ነገር እጅግ ጥቂት ነው። በ1957 ዓ.ም. ሃያ አንድ ዓመት ሆኖአቸው ወደ ክፍለ ሀገር የወጡት ወጣቶች ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ናቸው፤ ከእነርሱም በቦሌ፣ በገርጂ፣ በመገናኛና በኮተቤ ከልጆቻቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ ይኖራሉ። በየቤታችሁ አያት ወይም ጎረቤት ብትኖሩ፣ የት ተመድበው እንደ ነበር፣ ስንተኛ ክፍል እንዳስተማሩ፣ የመጀመሪያው ቀን እንዴት እንደ ዋለ ጠይቃችሁ ጻፉልን። የሰባተኛ ክፍል ተማሪያቸው የነበረ ሰውም ካገኛችሁ እርሱን ይበልጥ እንፈልገዋለን። ጽሑፉን የሚቀበሉት የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ናቸው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ በምሳ ሰዓት ይገኛሉ።